ከምግብ በኋላ የሚቀባው ቢጫ ጄል

መጀመሪያ የተሰማኝ ሱቄ ውስጥ በርበሬ ስቀምስ ነው። አዲሱ በርበሬ ከሃላባ መግባት የጀመረበት የኅዳር ወር ነበር። ሐዋሳ ውስጥ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር በርበሬና ቅመም ስሸጥ ያኔ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ በርበሬ የምገዛው ደግሞ በዓይኔ ሳይሆን በምላሴ ነው። ከጆንያው መሐል አንድ ዛላ መዝዤ ጫፉን ሰብሬ ምላሴ ላይ አደርገዋለሁ። የከረመውን፣ እርጥበት የገባውን፣ ከሌላ አገር በርበሬ ጋር የተደባለቀውን እዚያው እለየዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ቃጠሎው ከግራ ጉንጬ ውስጥ ተነሣ። የበርበሬ ቃጠሎ አይመስልም። ተፋሁት። ውኃ ተጉመጠመጥሁ። አልበረደም።

በርበሬውን ያመጣልኝን ደንበኛዬን «ምን ቀላቅለህበት ነው?» ብዬ በሰው ፊት አዋረድሁት። ሰውየው ከዚያው ጆንያ ሁለት ዛላ አንሥቶ እያየሁት አኝኮ ዋጠ። ያኔም አላመንሁትም። አፌ እንዲህ ነው፤ ቶሎ ይናገራል፤ ገበያው በሙሉ ያውቀዋል። ከወራት በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

በሳምንቱ ሽሮ ያቃጥለኝ ጀመር። ቀጥሎ ቲማቲም። በወሩ ሻይ፣ ለዚያውም የቀዘቀዘ። የጥርስ ሳሙና አፌ ሲገባ እንባዬ ይወርዳል። ጉንጬን በመስታወት ገልብጬ ሳይ ውስጡ ቀልቷል፤ በቅላቱ ላይ የዳንቴል ክር የመሰሉ ነጫጭ መስመሮች ተጠላልፈውበታል። በቀኝ በኩልም ጀምሮኝ ነበር።

ያልሞከርሁት ነገር የለም። ጨው በሞቀ ውኃ፣ ጤና አዳም፣ በመጨረሻም ሎሚ። ሎሚውን የመከረችኝን ሴት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሳያት ጉንጬ ይደነግጣል። ከራሴ ሱቅ እርድ ወስጄ በውኃ በጥብጬም ቀባሁ። ጥርሴ ቢጫ ሆነ እንጂ ሕመሙ ንቅንቅ አላለም።

ገበያ ውስጥ «አፏ ቀጣት» እያሉ ሲስቁብኝ አብሬ እስቅ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን አልስቅም። ከታናሽ እህቴ ጋር በአባታችን ቤት ጉዳይ ተጣልተን የተናገርኋት አንድ ቃል ነበር፤ እዚህ አልጽፈውም። ያ ቃል ከወጣበት አፍ ላይ ይህ ቁስል መውጣቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ተመሳሳይ ነገር እያሰባችሁ የምታነቡ ካላችሁ ብቻችሁን አለመሆናችሁን እወቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

ባለቤቴ ተክሌ ክብደቴ መቀነሱን ሲያይ አንድ ጠዋት ባጃጅ ቤታችን በር ድረስ አምጥቶ «ግቢ» አለኝ። ሆስፒታል ወሰደኝ። ያየኝ ሐኪም ዶክተር ማቴዎስ ይባላል፤ የቱላ ልጅ ነው፤ ከፊቴ የነበሩትን ሽማግሌ በቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ ሲያጫውታቸው ቆይቶ ወደ እኔ ሲዞር በአማርኛ ቀጠለ። የጉንጬን ውስጥ በመስታወትና በመብራት ለረጅም ጊዜ አየ። ሲያይ አይቸኩልም። ከዚያ በፊት ሌሎች ያዩኝ ነበር፤ እንደሱ ያየኝ ግን አልነበረም።

«ትንሽ ቁራጭ ወስደን እናስመረምራለን። ባዮፕሲ ይባላል» አለኝ።

«ካንሰር ነው?»

«አላውቅም። ሳላውቅ አይደለም ብዬ አላታልልዎትም፣ ነው ብዬም አላስደነግጥዎትም።»

መርፌ ወጋኝ። ጉንጬ ደነዘዘ። ሲቆርጥ አልተሰማኝም፤ የመቀሱን ድምፅ ግን ሰማሁ። ሁለት ስፌት። ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ተባልሁ።

ሁለት ሳምንት ረጅም ነው። ተክሌን የመጋዘኑን ቁልፍ የት እንደማስቀምጥ አሳየሁት። ለምን እንደማሳየው ገባው። ቁልፉን አየና መልሶ በቦታው አስቀመጠው።

የውጤቱ ቀን ገና ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ ዶክተር ማቴዎስ «ካንሰር አይደለም» አለኝ። ብዙ ሐኪም ካርዱን ገልጦ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ከዚያ ነው የሚናገረው። እሱ መጀመሪያ ተናገረ፣ ከዚያ ካርዱን ገለጠ። ለዚያ ብቻ እንኳ እመርቀዋለሁ።

«ኦራል ላይከን ፕላነስ ይባላል። የራስዎ ሰውነት መከላከያ የአፍዎን ውስጥ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ነው የሚያቆስለው። ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።»

«ይድናል?»

«ይተኛል። ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። አልፎ አልፎ ወደ መጥፎ የሚለወጥ ስላለ በየስድስት ወሩ ማየት አለብኝ። ከእኔ ጋር ብዙ እንተዋወቃለን።»

በዴክሳሜታዞን መጉመጥመጥ ጀመርሁ። ስቴሮይድ ነው፤ አፍ ውስጥ ይዘውት ቆይተው ይተፉታል። አሻለኝ። ከዚያ ምላሴ ላይ አይብ የመሰለ ሌላ ነጭ ነገር በቀለ፤ ካንዲዳ የሚሉት ፈንገስ ነው፤ ስቴሮይዱ በር ይከፍትለታል። የፈንገሱን መድኃኒት ስወስድ ፈንገሱ ጠፋ። ስቴሮይዱን ሳቆም ቁስሉ ተመለሰ። እንደገና ስጀምር ፈንገሱም እንደገና። አንዱን ሳባርር ሌላው እየገባ ጥር አለቀ። በዚያ ጊዜ የምበላው አጥሚትና የተፈጨ ድንች ነበር፤ በርበሬ የሚቀምስልኝ ተክሌ ነው፣ እሱ ደግሞ የትኛውንም በርበሬ «ጥሩ ነው» ይላል። ሌላ ሁለት ወር እንዲህ ብቆይ ሱቁን እዘጋ ነበር።

የካቲት ላይ ዶክተር ማቴዎስ ጠራኝ። አብሮት የተማረ የፋርማሲ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ቁስል ጄል እየሠራ ነው፤ በፈቃድ፣ ለጥቂት ሕመምተኞች ብቻ። ጥቂት ብልቃጥ ወደ ሐዋሳ ልኮለታል። ዶክተሩ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ዘርዝሮ ነገረኝ፣ የስምምነት ወረቀቱን መስመር በመስመር አነበበልኝ፣ ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «የሠራልዎትን ሠራ፣ ያልሠራውን አልሠራም ብዬ ጽፌ እልካለሁ። የሚሞክሩት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ የእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ትልቅ ነገር ነው። ካልሠራ መሥራቱን ያቆማሉ።»

«ከምን የተሠራ ነው?»

«ዋናው ኩርኩሚን ነው። ከእርድ የሚወጣ።»

ጉንጬ እያመመኝ ሳቅሁ። «ዶክተር፣ እርድማ ሦስት ኩንታል አለኝ።»

«ቀብተውታል?»

«ቀብቻለሁ።»

«ሠራልዎት?»

«ምንም።»

«እርድ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ አፍ ደግሞ ሁልጊዜ ውኃ ነው። ምራቅ አጥቦ ይወስደዋል» አለኝ። ጄሉ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ግን በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ቅንጣት ሆኗል፤ ናኖ ፓርቲክል ይሉታል። ጄሉ እርጥብ ቦታ ላይ ተጣብቆ ይቆይና ቅንጣቶቹን ቀስ እያለ ወደ ቁስሉ ይለቃል። ይህ እኔን ለማስረዳት ብዙ አላደከመውም። ሻካራ የተፈጨ በርበሬ ከድስቱ ሥር እንደሚቀርና የላመው ግን ከወጡ ጋር እንደሚዋሐድ የማውቅ ሰው ነኝ። እርድን እንዲያ ማላም የቻለ ሰው ግን አስደነቀኝ። እኔ በኩንታል የምሸጠውን ነገር ሌላው ተቀምጦ ለዓይን እስኪጠፋ ድረስ አሰበበት።

ቤት ገብቼ ለተክሌ «ጄል ታዘዘልኝ» ስለው «አፍሽ ፀጉር አበቀለ እንዴ?» አለኝ። በእኛ ሰፈር ጄል የሚባለው የፀጉር ነው።

አጠቃቀሙ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፦ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ። ቁስሉን በጎዝ አድርቆ፣ በንጹሕ ጣት ቀብቶ፣ ለግማሽ ሰዓት አለመብላት፣ አለመጠጣት፣ ብዙ አለማውራት። ብልቃጡ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። አብሮ ለየቀኑ ሦስት ሦስት ሣጥን ያለው ወረቀት ተሰጠኝ፤ በቀባሁ ቁጥር አንድ ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። እኔ ሁዳዴን የምጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ በእህቴ ምክንያት ከመቼውም ይልቅ አጥብቄ ይዤዋለሁ። ወረቀቱ ከምግብ በኋላ ይላል፤ የእኔ ምግብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ይላል፤ እንግዲያው ምግቤን ሦስት ቦታ ከፈልሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጥሚት፣ ከዚያ ጄል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድንች፣ ከዚያ ጄል። አንድ ሰዓት ላይ ገንፎ፣ ከዚያ ጄል። ሦስቱም ሣጥን ተሞላ። አንድ ቀን አላጓደልሁም። በትጋቴ እንዲያውም እኮራ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ማታ ማታ ጋብ ይልልኛል፤ ጠዋት ስነሣ እንደነበረው ነው። ረፋዱ ላይ ምራቅ መዋጥ ያቅተኛል። ዶክተር ማቴዎስ ጉንጬን አየ፣ ወረቀቴን አየ፣ እንደገና ጉንጬን አየ።

«በቀን ሦስት ጊዜ ቀብተዋል?»

«አዎ።»

«ከምግብ በኋላ?»

«አዎ።»

ሁለቱም እውነት ነበር። ማዘኑ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። «አንድ ሳምንት እንጨምር» አለኝ። «ካልተለወጠ እናቆመዋለን። አልሠራም ብዬ እጽፋለሁ።»

ሱቄ ተመልሼ ተቀመጥሁ። አለቀሰች እንዳልባል በርበሬ አበጥራለሁ። ከአጠገቤ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጠው የስልጤዋ ዘይነባ ዓይኔን አይታ መጣች። የሆነውን ነገርኋት።

«መጾምሽን ለሐኪሙ ነግረሽዋል?» አለችኝ።

«ምን አገናኘው? እሱ ደግሞ ጴንጤ ነው።»

«ጴንጤ ሰዓት አይቆጥርም እንዴ? እኔ የደም ግፊት ኪኒን እውጥ የለ? ረመዳን ሊገባ ሲል ሄጄ ሰዓቱን አስቀይራለሁ። ሳትነግሪው በምን ይወቅ?»

እሷ ከሄደች በኋላ በጣቴ ቆጠርሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት። ሃያ ሰዓት። ሃያ ሰዓት ሙሉ ጉንጬ ላይ ምንም የለም ማለት ነው። በቀረችው አራት ሰዓት ውስጥ ደግሞ እቀባለሁ፣ በላዩ እበላለሁ፣ አጥቤ እንደገና እቀባለሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ዝም ልል አስቤ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት በትክክል ቀብቼ ቢሻለኝ እሰየው፣ ባይሻለኝም ሦስቱም ሣጥን ሞልቷልና የሚወቅሰኝ የለም። ግን «ካልሠራ መሥራቱን ያቆማሉ» ያለው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የዚያ ጄል ዕጣ በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር፤ ከእነዚያ ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሳላውቅ አበላሽቼዋለሁ። በማግስቱ ሱቄን ሳልከፍት ወደ ዶክተር ማቴዎስ ሄድሁ።

ይቆጣል ብዬ ነበር። ሁሉንም እስክጨርስ ሰማኝና ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚበሉት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አለኝ። «ከምግብ በኋላ የተባለው ምግቡ እንዳያጥበው ነው እንጂ መድኃኒቱ ምግብ ስለሚፈልግ አይደለም።»

እዚያው ስልኩን አንሥቶ አዲስ አበባ ደወለ። ያለፈው ሦስት ሳምንት እንደማይቆጠር፣ ስሕተቱም የመመሪያውና የእሱ እንደሆነ እኔ እየሰማሁ ተናገረ። የእኔን ስም አላነሣም። ከዚያ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን በእስክሪብቶ ሰርዞ በእጁ እንዲህ ጻፈልኝ፦ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፤ ቢበሉም ባይበሉም።

«ጾምዎን ይተዉ አልልዎትም፤ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም። የንስሐ አባትዎን ይጠይቁና ያሉዎትን ይንገሩኝ። ሰዓቱን በዚያው እናስተካክላለን።»

የንስሐ አባቴ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው የሚኖሩት፤ ከዚያው ሄድሁ። እሳቸውም የመታመሜን ነገር ገና ያን ቀን መስማታቸው ነበር። ለሐኪሙ ጾሜን፣ ለካህኑ ሕመሜን ደብቄ በሁለቱ መካከል ብቻዬን ስሰቃይ ከርሜያለሁ።

«ታመሽ ሳለ ጹሚ ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ።

የእህቴን ነገር አወጣሁት። ቁስሉ ከእሱ የመጣ እንደሚመስለኝም ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ በሽታ ነው፤ በሽታ ደግሞ ሐኪም አለው። ከእህትሽ ታረቂ፣ መድኃኒትሽን ተቀቢ፣ እስኪሻልሽ ጠዋትም ብዪ። አንቺማ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ብትተዪ ለዘንድሮ ይበቃሻል።»

እህቴን ያን ዕለት ደወልሁላት። ብዙ አላወራንም፤ እኔም አፌን እያመመኝ ነበር፤ ግን ስልኩን የዘጋነው ሳንጣላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መዳኔ ነው፣ እሱን ስጽፍ ደስ ይለኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ስነሣ የሚጠብቀኝ ቃጠሎ ቀነሰ፤ በሁለተኛው ሳምንት ለብ ያለ ሻይ በሁለቱም ጉንጬ ጠጣሁ፣ ተክሌም ሲያየኝ ሌላ ብርጭቆ ቀዳልኝ። ቀትር ላይ ጄሉን ተቀብቼ ግማሽ ሰዓት ዝም ስል ደንበኞቼ መጀመሪያ ተቆጣሁ መሰላቸው፣ በኋላ ግን ለምደውት በዚያ ሰዓት መጥተው ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ፣ መከራከር እንደማልችል ስላወቁ። ጥርሴ ትንሽ ወየበ፤ ሲቦረሽ ለቀቀ። ከአራት ሳምንት በኋላ ዶክተር ማቴዎስ በዚያው በማይቸኩል ዓይኑ ጉንጬን ሲያየው ቅላቱ ወደ ሮዝ ደብዝዞ፣ ክፍት የነበረው ቁስል ገጥሞ፣ የቀሩት ጥቂት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ብቻ ነበሩ። «ይሄን በደስታ ነው የምጽፈው» አለኝ። ፈንገሱም አልተመለሰም።

ሁሉንም በልኩ ልናገር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተነሥቶብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ቶሎ ሄጄ ቶሎ ተኝቶልኛል። በየስድስት ወሩ እታያለሁ። ጄሉ በየፋርማሲው ተገዝቶ የሚገኝ አልነበረም፤ ለእኔ ስለሠራ ለሁሉም ይሠራል ለማለትም አልችልም፣ ያንን የሚያውቁት የሠሩት ናቸው። ኩርኩሚን ከእርድ ይወጣል መባሉን ሰምታችሁ እርድ በጥብጣችሁ አፋችሁ ውስጥ እንዳትቀቡ፤ እኔ ቀብቼ አይቼዋለሁ። አፋችሁ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ወይም ነጭ መስመር ካለ ሎሚ ከሚመክራችሁ ሰው ፊት ተነሥታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ባዮፕሲ ከተባላችሁ እሺ በሉ። ጸሎታችሁንም ጾማችሁንም ለሐኪማችሁ፣ ሕመማችሁንም ለካህናችሁ ወይም ለፓስተራችሁ ወይም ለሼካችሁ ንገሩ። ዶክተር ማቴዎስንና ያንን ፊቱን አይቼው የማላውቀውን የፋርማሲ ባለሙያ እግዜር ይስጥልኝ። ዘይነባን በየቀኑ ስለማገኛት በየቀኑ አመሰግናታለሁ፤ ሰለቸኝ ትላለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በቀጣዩ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ዶክተር ማቴዎስ ደውሎ «ያው የእርስዎ ሕመም ያለባት ልጅ መጥታለች፣ ፈርታለች፣ መጥተው ቢያጫውቱልኝ» አለኝ። ጄሉ ያኔ መሠራቱ ቀጥሎ ሌላ ብልቃጥ መጥቶለት ነበር፤ «ቢበሉም ባይበሉም» የሚለውም ከላዩ ላይ ታትሟል። ስገባ አንዲት ከሃያ አምስት የማትበልጥ ሴት አፏን በነጠላ ሸፍና ተቀምጣለች። ቱላ አካባቢ የቀን ሥራ ትሠራለች። የራሴን ታሪክ ነገርኋትና፣ በራሴ ላይ እየሳቅሁ፣ «አንቺስ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትበዪው?» አልኋት።

«አንዴ» አለችኝ።

«ጾም እኮ ወጥቷል።»

«ጾም አይደለም፣ እትዬ። ያለኝ እሱ ነው።»

ዶክተር ማቴዎስ መጻፉን አቆመ። «ቢበሉም ባይበሉም» የሚለው መስመር በእኔ ጾም ምክንያት ብቻ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። ልጅቷ በባዶ ሆዷ ጉንጯን በጎዝ አድርቃ ጄሉን ተቀባች። ግማሽ ሰዓቱን አብሬያት ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ከዚያ ምሳ አብረን በላን።